12 ኖድ ደምቢያ ተክዬ 5 ብቻ ነው የሚናገረው፣ ሞዴሌ ግን 0.9997 ይለኛል

ቀሃ_ማዶ፣ ጥቅምት 28 ማታ 3:10

እንዴት አመሻችሁ ጎበዝ። ነገሬ ረዘም ስለሚል ቡና ያፈላ ሰው ቢያነበው ይሻላል። የማስተርስ ጥናቴ የገመድ አልባ ሴንሰር ኔትወርክ አስተማማኝነት ላይ ነው፣ ማለትም አንዳንዱ ኖድ እየተበላሸም ኔትወርኩ ስራውን ይቀጥላል ወይ የሚለውን በሂሳብ ማስላት ከዛ ሜዳ ላይ ከሆነው ጋር ማስተያየት። ሜዳው ከቆላድባ ወጣ ብሎ ያለ የሽምብራ ማሳ ነው። መስከረም 25 ቀን 12 ኖድ ተከልኩ። እያንዳንዱ የአፈር እርጥበት ሴንሰር፣ የሙቀት ሴንሰር፣ የዚግቢ ራዲዮ፣ አንድ 18650 የሚባለው ሊቲየም ባትሪ እና መዳፍ የምታክል ሶላር አለው። የሁሉንም ዳታ የሚሰበስበው ጌትዌይ ባለማሳው ቤት ቆርቆሮ ላይ ነው፣ ከዛ በሲም ካርድ ወደኔ ይልካል። ራቅ ያሉት ኖዶች ጌትዌዩ ድረስ ስለማይደርሱ በጎረቤቶቻቸው በኩል እየተቀባበሉ ነው የሚልኩት።

ሞዴሉ ቀላል ነው። አንድ ኖድ 90 ቀን የመቆየት እድሉ 0.97 ነው ብዬ ወሰድኩ፣ ከ12ቱ 9ኙ ከሰሩ ይበቃኛል አልኩ፣ ቀመሩ ውስጥ አስገባሁት 0.9997 ወጣ። ከ10,000 ጊዜ 3ቴ ብቻ ይከሽፋል ማለት ነው። አድቫይዘሬም አይተውት ጥሩ ነው አሉኝ።

ጥቅምት 19፣ ማለትም በ24ኛው ቀን፣ ዳሽቦርዱን ስከፍት 5 ብቻ። ሰባቱ ጭጭ። ከ10,000 ሶስቷ እኔ ላይ ደረሰች ማለት ነው? ከ3 ሳምንት በኋላ ፕሮግሬስ ማቅረብ አለብኝ፣ ቀመሩ ነው የተሳሳተው ወይስ እጄ ነው?


ፒያሳ_ማኪያቶ፣ ጥቅምት 28 ማታ 3:22

እንዲህ አይነት እድል ካለሽ ሎተሪ ግዢ እህቴ 😂


ደባርቅ_ብርድ፣ ጥቅምት 28 ማታ 4:05

ቀመሩ ልክ ነው፣ ኬ ከኤን (ከኤን እቃ ቢያንስ ኬው ከሰራ ይበቃል የሚለው) እንደዛ ነው የሚሰራው፣ እኔም አስልቼ 0.9997 አገኘሁ። ችግሩ ውስጡ ያስገባሽው ነገር ነው። 0.97ን ከየት አመጣሻት? እስኪ ወደኋላ እንሂድ። ብልሽቱ ኤክስፖኔንሺያል ነው ብለሽ ከሆነ በ90 ቀን 0.97 ማለት የአንድ ኖድ አማካይ እድሜ 2,950 ቀን አካባቢ ነው፣ 8 ዓመት። ሶላር የለጠፍሽበት ፕላስቲክ ሳጥን ዋልካ መሬት ላይ 8 ዓመት ይኖራል ብለሽ ነው ፕሮፖዛል ያስገባሽው።

ሌላው ኤክስፖኔንሺያል ትዝታ የለውም። ትናንት የተተከለውም ሁለት ወር የሰራውም ነገ የመሞት እድላቸው እኩል ነው ይላል። በድንገት ለሚመጣ ብልሽት ያስኬዳል፣ ባትሪ ግን በየቀኑ ነው የሚያረጀው። ለሱ ዌይቡል የሚባለውን ስርጭት ተጠቀሚ፣ ስዊድናዊው ዌይቡል እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተመው ነው፣ ቅርጹን የሚወስነው ቁጥር 1 ሲሆን ራሱ ኤክስፖኔንሺያል ይሆንልሻል፣ ከ1 ሲበልጥ እርጅና ነው፣ ከ1 ሲያንስ ገና በልጅነቱ የሚቀጭ እቃ ነው። የኛ አገር እቃ ሶስቱንም ነው እንዳትይኝ ብቻ።


ቀሃ_ማዶ፣ ጥቅምት 28 ማታ 4:19

ኧረ አሳፈርከኝ። 0.97 ከቺፑ ዳታሺት (ፋብሪካው ከሚያወጣው መግለጫ) ተነስቼ ትንሽ ዝቅ አድርጌ የወሰድኳት ናት። ባትሪው ውስጧ የለም፣ ሳጥኑም የለም፣ ላሞቹም የሉም።


አራዳ_ሞባይል_ጥገና፣ ጥቅምት 28 ማታ 5:02

ስለ ሂሳቡ አላውቅም ባትሪ ግን እንጀራዬ ነው። ላዩ ላይ ስንት ተብሎ ነው የተጻፈው?


ቀሃ_ማዶ፣ ጥቅምት 28 ማታ 5:04

9900 ሚሊአምፔርሰዓት። 12ቱንም ከአንድ ካርቶን ነው የገዛሁት።


አራዳ_ሞባይል_ጥገና፣ ጥቅምት 28 ማታ 5:15

አልቋል በቃ። በዛ መጠን አንድ 18650 ውስጥ ጥሩ ከሚባለው ፋብሪካ የወጣው እንኳ 3500 አካባቢ ነው የሚይዘው፣ 9900 የሚል ካየሽ ውሸት ነው፣ ክብደቱን መዝኚው እኔ ቤት የመጡት ቀለል ቀለል ይሉ ነበር። እኔ ለክቼ 1000 ያልሞላ አጋጥሞኛል። እና ደግሞ ከአንድ ካርቶን ከሆነ አንዱ ሲደክም ሌላውም ተከትሎ ነው የሚደክመው፣ መንታ ናቸው።


ደባርቅ_ብርድ፣ ጥቅምት 28 ማታ 5:40

መንታ ያልካት ነገር የሞዴሉን ወገብ የምትሰብረው ናት፣ አመሰግናለሁ። ኬ ከኤን የሚሰራው የአንዱ መሞት ከሌላው ጋር ካልተያያዘ ነው። አንድ ካርቶን ባትሪ፣ አንድ ዝናብ፣ አንድ አይነት ሶፍትዌር፣ አንድ ሰው ያሸገው ሳጥን፣ እነዚህ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚመቱት። ይሄን ለማስገባት ቀላሉ መንገድ ቤታ ፋክተር ነው። ከ0.03ቷ የመበላሸት እድል አንድ አስረኛዋ ብቻ የጋራ ብልሽት ናት እንበል፣ 0.003። እሷ ስትመጣ 12ቱም ይሄዳሉ፣ ስለዚህ 12 አድርጊው 50 አድርጊው አያድንሽም። በዚህ ስታሰይው ከ10,000 ሶስት የነበረው ወደ 32 ይወጣል። አስር እጅ ገደማ ባሰ፣ አስር ፐርሰንት ብቻ ስለተጋሩ።


ጋሼ_ሪፒተር፣ ጥቅምት 29 ጠዋት 1:30

ልጄ እንደምን አደርሽ። እኔ እንኳ ይሄ ኖድ የምትሉት አልደረሰብኝም፣ ዘመኔን ተራራ ላይ ያሉ የራዲዮ ቅብብል ጣቢያዎች ስጠግን ነው ያለፈው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰባቱ ሞቱ ያልሽው ሄደሽ አይተሻቸው ነው ወይስ ስላልሰማሻቸው ነው? እኛ አንድ ተራራ ላይ ያለ ጣቢያ ሲጠፋ ከሱ ወዲያ ያሉት ሁሉ ጠፉ ተብሎ ይመዘገባል፣ ስንሄድ እነሱ ደህና ናቸው፣ እየተናገሩ ነው፣ የሚያቀብላቸው ብቻ ነው የጠፋው። አንዴ መካኒክ ይዘን በበቅሎ ሁለት ቀን ተጉዘን ደርሰን ጠባቂው ደህና ነው ምን ሆናችሁ ብሎ ቡና አፍልቶ ጠብቆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ማን በማን በኩል እንደሚያልፍ ሳዪው። ደግሞም ያ ቆርቆሮ ላይ ያለው አንድ ለእናቱ ነው፣ ሁሉም በሱ ነው የሚያልፈው፣ እሱ ካዘነበለ 12ቱ ምን ይጠቅሙሻል።


ቀሃ_ማዶ፣ ጥቅምት 29 ጠዋት 2:48

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ አላየኋቸውም፣ ስላልሰማኋቸው ነው ሞቱ ያልኩት። ሎጉን (ማን መቼ እንደላከ የተመዘገበበትን) አሁን ቆፈርኩት። እስከ ጥቅምት 12 ድረስ ከጌትዌዩ ጋር በቀጥታ የሚያወሩት 1 ቁጥር፣ 2 ቁጥር እና 3 ቁጥር ናቸው፣ ግን የ1 እና የ2 ሲግናል ስለሚሻል ሌሎቹ ዘጠኙ በሙሉ በነሱ በኩል ነበር የሚልኩት፣ 3 የራሷን ብቻ ነበር የምትልከው። ጥቅምት 12 ላይ 1 ጠፋች። በ5ኛው ቀን 2 ጠፋች። ከዛ አራት ኖዶች ወደ 3 ዞሩ፣ አምስቱ 3 አትደርሳቸውም መሰለኝ እስካሁን የሉም። የ3 ባትሪ ከዛን ቀን ጀምሮ ቁልቁል ነው።


ጋሼ_ሪፒተር፣ ጥቅምት 29 ጠዋት 3:05

እንግዲያማ 3 ቁጥርን አድኚ።


ደባርቅ_ብርድ፣ ጥቅምት 29 ቀን 6:20

ጋሼ ልክ ናቸው፣ እዚህ ሙያ ውስጥ ጌትዌዩ ዙሪያ ያሉት ቀድመው አልቀው ቀዳዳ ይፈጠራል፣ የታወቀ ነገር ነው። ሰው የሚስተው ግን መላኩ አይደለም ዋናው በላተኛ። ሲሲ2420 የሚባለው የዱሮ ቺፕ ሲልክ 17.4 ሚሊአምፔር ነው የሚወስደው፣ ሲያዳምጥ 18.8። የሌላ ሰው መልእክት የምታቀብል ኖድ ደግሞ ጆሮዋን ከፍታ መጠበቅ አለባት። ሙሉ ቀን ካዳመጠች 451 ሚሊአምፔርሰዓት በቀን ነው፣ የአራዳው ወንድማችን ያላት 1000 በሁለት ቀን ከምናምን ታልቃለች፣ ሶላሩ ነው እስከዛ ያንጠለጠላት። ስለዚህ 12ቱም 0.97 ናቸው ማለት አትችይም፣ ጫፍ ላይ ያለችውና በር ላይ ያለችው አንድ አይደሉም። አንዷ በረኛ ስትሞት ደሞ ሸክሟ ወደቀሩት ይዞራል እነሱም ይፋጠናሉ፣ ነጠላ ነጠላ ሞት ብለሽ ያባዛሽው እንደገና ፈረሰ።

ለአቀራረብሽ የሚሆን ቀላል ቁጥር ልስጥሽ፣ ግምት ነው ግን ያሳያል። ከሶስቱ በረኞች ሁለቱ ካሉ ይሰራል በይ፣ የእያንዳንዳቸው 90 ቀን የመቆየት እድል 0.7፣ ይሄ 0.784 ይሰጥሻል። ጌትዌዩን 0.90 በይው፣ እሱ በተከታታይ ስለሆነ ይባዛል፣ 0.7056። የቀሩትን ዘጠኙን ፍጹም ናቸው ብለሽ እንኳ ከዚህ አይበልጥም።


ፒያሳ_ማኪያቶ፣ ጥቅምት 29 ቀን 6:31

ከ0.9997 ወደ 0.70 በአንድ ሌሊት፣ የኔ የሂሳብ ውጤት ነው የሚመስለው


ቀሃ_ማዶ፣ ህዳር 2 ማታ 2:15

ትናንት ቅዳሜ ሄጄ መጣሁ። ከአዘዞ ሚኒባስ፣ ከዛ ባጃጅ፣ ከዛ በእግር። ሙሉውን ልንገራችሁ።

1 እና 2 እውነትም ሞተዋል። ባትሪያቸውን ስለካው አንዱ 2.4 ቮልት ሌላው 2.5፣ ሳጥን ውስጥ ውሃ የለም፣ ቦርዱ ደህና፣ በቃ ደርቀዋል። 7 ቁጥር ተጋድማለች፣ እንጨቱ ላይ የላም ጸጉር አለ፣ ላሟ ጀርባዋን አክካበት ነው የሄደችው፣ ሶላሩ ወደ መሬት ዞሯል። የቀሩት አራቱ ግን ጋሼ እንዳሉት ናቸው። 9 ቁጥር ጋ ቁጭ አልኩ፣ ትንሿ አረንጓዴ መብራት በየሰከንዱ ብልጭ ብልጭ ትላለች፣ ወላጅ ኖድ (መልእክቷን የሚያቀብልላት) እየፈለገች ነው፣ ማንም አይመልስላትም፣ ትንሽ ታርፍና እንደገና ትጀምራለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሜዳ ላይ ስትጣራ ነበር። እውነቴን ነው አንጀቴን በላችኝ። ይሄ ፍለጋ ራሱ ባትሪ ስለሚበላ ትንሽ ብቆይ በእውነት ሞተው ነበር የማገኛቸው።

ከአራዳው ወንድማችን የወሰድኳቸውን በትክክል የተለኩ ባትሪዎች 1፣ 2 እና 3 ላይ ቀየርኩ (ዋጋ ስላልጨመርክብኝ ተባረክ)፣ 7ን አቃናሁ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ 12ቱም ዳሽቦርዱ ላይ መጡ። ባለማሳው ኑ ብለው ጠላ ሰጡኝ።

ስለዚህ ሰባት ሞተ ያልኩት በትክክል ሁለት ሞት፣ አንድ ላም፣ አራት ሰሚ ያጣ ነው። የኔ ሞዴል የሚጠይቀው ስንቱ በህይወት አለ ብሎ ነው እንጂ ስንቱ ጌትዌዩ ድረስ ይሰማል ብሎ አልነበረም።

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። 12ቱ ከተመለሱ በኋላ እርጥበቱን አየሁት፣ ስምንቱ አፈሩ ደርቋል ይላሉ፣ እንደ በረሃ። ሽምብራው ግን ለምለም ነው በአይኔ አይቻለሁ። አንዷ ደግሞ ሙቀት 85 ዲግሪ ትላለች።


ፒያሳ_ማኪያቶ፣ ህዳር 2 ማታ 2:20

85 ዲግሪ? ሽምብራው ቆሎ ሆኖልሻል በይ


አራዳ_ሞባይል_ጥገና፣ ህዳር 2 ማታ 2:41

ሙቀቱ በዲኤስ18ቢ20 ከሆነ 85 መልስ አይደለም። እሱ ሴንሰር መብራት ተቋርጦበት ሲነሳ ገና ሳይለካ ከጠየቅሽው 85 ይልሻል፣ የመነሻ ቁጥሩ ነው። ሽቦው ከተበጠሰ ደሞ የተለመደው የሶፍትዌር ላይብረሪ -127 ይመልሳል። ስለዚህ 85 ካየሽ ባትሪው ወይም ግንኙነቱ እየነጠረ ነው፣ ሽቦዋን አጥብቂ።


የዋልካ_ልጅ፣ ህዳር 2 ማታ 3:30

አካውንት የከፈትኩት ለዚህ መልስ ነው። እኔ የደምቢያ ልጅ ነኝ አባቴም ሽምብራ ነው የሚዘራው። እህቴ ዋልካን አታውቂውም። ክረምት ያብጣል ይዘጋል፣ ዝናቡ ሲያቆምና ሽምብራው ውሃውን ሲጠጣው ይሰነጠቃል፣ ልጅ ሆነን እጃችንን እስከ ክንድ እናስገባበት ነበር፣ ታህሳስ ጥር ላይ የበግ ግልገል እግሩ ይያዝበታል። ያንቺ ሴንሰር ደግሞ ስንጥቁን ነው የሚወደው፣ መሬቱን ስትወጊው ራሱ ለስንጥቁ መንገድ ጠርገሽለታል። አሁን የሚለካው አፈር አይደለም አየር ነው። ስምንቱ አልተበላሹም፣ በትክክል አየር እየለኩ ነው።


ደባርቅ_ብርድ፣ ህዳር 2 ማታ 3:52

ይሄ ከክሩ ሁሉ ምርጡ መልስ ነው። ቀሃ_ማዶ፣ ሞዴልሽ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ይሰራል ወይም ሞቷል። ሶስተኛው አለ፣ በህይወት ያለ፣ ፓኬቱን በሰዓቱ የሚልክ፣ ግን ውሸት የሚናገር። የሞተ ኖድ ቢያንስ ዝም ይላል። ይሄኛው ውሃ አጠጣ ብሎ ገበሬውን ያሳስታል።


ጎንደር_ሰርኪት፣ ህዳር 2 ማታ 4:10

ለሱማ መፍትሄው ይታወቃል፣ አንድ ቦታ ላይ ሶስት ሴንሰር ተክላ ድምጽ ማሰጠት ነው፣ የብዙሃኑን መቀበል። ኧረ እንዲያውም የቢዛንታይን ችግር (አንዳንዱ እየዋሸ ሌሎቹ እንዴት ይስማሙ የሚለው) ስለሆነ አንድ ውሸታም ለመቋቋም አራት ያስፈልጋታል፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ላምፖርት፣ ሾስታክ እና ፒዝ ያረጋገጡት ነው፣ 3 ጊዜ ኤፍ ሲደመር 1፣ ኤፍ የውሸታሞቹ ቁጥር ነው።


ደባርቅ_ብርድ፣ ህዳር 2 ማታ 4:33

አራት የሚያስፈልገው ኖዶቹ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ቆይተው አንድ ውሳኔ ላይ መድረስ ካለባቸውና መልእክቱ ካልተፈረመ ነው። እሷ ጋ ጌትዌዩ ነው የሚወስነው፣ እሱን ካመነችው ለአንድ ውሸታም ሶስት ይበቃል፣ መሃለኛውን መውሰድ ነው። እያንዳንዱ 0.9 ቢሆን ከሶስት ሁለት ማለት 0.972 ነው፣ ጥሩ ነው።

ግን ተመልከት፣ ሶስቱንም ክንድ በማይሞላ ርቀት አንድ ስንጥቅ ውስጥ ከተከለቻቸው ሶስቱም አየር ብለው ይስማማሉ። ሁለት ለአንድም አይደለም፣ በሙሉ ድምጽ ነው የሚዋሹት። እንደገና የጋራ ብልሽት።


የዋልካ_ልጅ፣ ህዳር 2 ማታ 4:50

እኛ ቤት ቢሆን አንዱን በጥልቀት አንዱን ከላይ አንዱን ገደም አድርጌ ነበር የምተክለው፣ ጉድጓዱን ደግሞ አፈሩን በውሃ ለውሼ እንደ ጭቃ አድርጌ ጠቅጥቄ። ስንጥቁ እንኳ ቢመጣ ሶስቱንም እኩል አያገኛቸውም። ያም ሆኖ በየሁለት ሳምንቱ ሰው ሄዶ ቢያያት ይሻላል።


ቀሃ_ማዶ፣ ህዳር 3 ጠዋት 2:00

ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም፣ ሀዘን ይሁን ደስታ አላውቅም። ፕሮግሬሱ ላይ ምን ልል ነው፣ ሰው ሁሉ የሚሰራ ኔትወርክ ይዞ ይመጣል።


ደባርቅ_ብርድ፣ ህዳር 3 ጠዋት 2:40

ብቻሽን አይደለሽም። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢኳዶር ሬቬንታዶር እሳተ ገሞራ ላይ 16 ኖድ ለ19 ቀን የተከሉ ተመራማሪዎች ነበሩ፣ እሳተ ገሞራው ላይ ከተቀመጡት ኖዶች ይልቅ ያስቸገራቸው ታች ያለው ቤዝ ስቴሽን (ዳታውን የሚቀበለው ጣቢያ) መብራት እየጠፋበት ነው። በዛው ሰሞን ሆላንድ ውስጥ ድንች ማሳ ላይ 100 የሚሆን ኖድ የተከሉት ደግሞ በመጨረሻ እጃቸው የገባው ዳታ 2 ፐርሰንት ነው። ይህንን ራሱን ጽፈው አሳተሙት፣ እስካሁን ሰው ይጠቅሰዋል። አንቺ ደግሞ ላም አለሽ።

አሁን የምትሰሪው ማርኮቭ ነው፣ ኖድ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ሲሸጋገር የሚያሰላ ሞዴል። አራት ሁኔታ፣ ደህና፣ ሰሚ ያጣ፣ ውሸታም፣ የሞተ። ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያሻግሩ ፍጥነቶች፣ ከሁሉም ደግሞ ወደ ደህና የሚመልስ የጥገና ፍጥነት። ሎጉ አለሽ፣ ቁጥሩን ከሱ ውሰጂ እንጂ ከዳታሺት አትውሰጂ። የጥገናዋን ቀስት እንዳትንቂያት። አማካይ እድሜው 30 ቀን የሆነ ኖድ ለመጠገን 7 ቀን ከፈጀብሽ በስራ ላይ የሚገኘው 30 ለ37 ነው፣ 0.81። በ2 ቀን ከጠገንሽው 30 ለ32፣ 0.94 አካባቢ። ኖዱን ሳትነኪው፣ አንድ ብር ሳታወጪበት።


ጋሼ_ሪፒተር፣ ህዳር 3 ጠዋት 3:15

እኛም ዘንድ እንደዚሁ ነበር። የተሻለ መሳሪያ ከማስመጣት ይልቅ ለጠባቂው መለዋወጫ ፊውዝ ሰጥተን አለማምደነው ስንሄድ ነበር ጣቢያው የሚሰነብተው። ባለማሳው ቤት ሁለት ሶስት የተሞላ ባትሪ አስቀምጪ፣ ቀይ መብራት ሲያዩ እንዲቀይሩ አሳዪያቸው። ጠላ ለሰጡሽ ሰው ባትሪ መስጠት አይከብድም።


ቀሃ_ማዶ፣ ህዳር 21 ማታ 2:30

አቀረብኩ። የድሮዋን 0.9997 በመጀመሪያው ስላይድ ላይ አስቀመጥኳት፣ ቀጥሎ የላሟን እንጨት ፎቶ። ሳቁ። አንዱ ፈታኝ 0.70 ለአስተማማኝነት ጥናት አያሳፍርም ወይ አሉኝ፣ ሎጉን አሳየኋቸው፣ ከዛ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያወራነው ስለ 3 ቁጥር ኖድ ብቻ ነው። አንድ ተጨማሪ ጌትዌይ በማሳው ሌላኛው ጫፍ ጎረቤት ቤት ላይ እንድተክል ተፈቀደልኝ፣ በረኞቹም ሶስት መሆናቸው ቀርቶ ስድስት ይሆናሉ። ባትሪውም ከሁለት የተለያየ ቦታ ነው የምገዛው። ሴንሰሮቹን የዋልካ ልጅ እንዳለው ለውሼ ጠቅጥቄ ተክያለሁ፣ ከስምንቱ ስድስቱ ተመልሰዋል፣ ሁለቱ አሁንም አየር ናቸው።


ቀሃ_ማዶ፣ ታህሳስ 19 ማታ 1:45

አጭር ዜና። ዛሬ ከሰዓት ባለማሳው ደወሉልኝ፣ "ልጄ ሁለተኛዋ ቀይ አበራች፣ ቀየርኩላት፣ አሁን አረንጓዴ ናት" አሉኝ። ሎጉን ሳየው 2 ቁጥር የጠፋችው 40 ደቂቃ ብቻ ነው። ደግሞ እሸቱ ደርሷል፣ ቶሎ ካልመጣሽ ልጆቹ ይጨርሱታል ብለውኛል። ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ ከጎንደር የሚነሳ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ ባጃጁን ለብቻዬ አልችለውም።